ለወንበር የተነገረ ይቅርታ

ምክር መስጠት አልወድም፤ ሲያበሳጩኝ ግን አላቆምም። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ ጎረቤቶቼ «ጋሽ አራሚው» ይሉኛል። ጡረታ ወጣሁ፣ ስሙ ግን አልለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው በጎረቤቴ በእትዬ መቀስና በአንድያ ልጃቸው መካከል የሆነውን በዓይኔ ስላየሁ ነው፤ ደግሞም አንጀቴ አርሯል፣ ካልተነፈስኩት አይበርድልኝም።

እትዬ መቀስ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሠፈርተኛው ነው፤ በእጃቸው ለያዙት መቀስ ብቻ ሳይሆን በአፋቸው ላለውም ጭምር። ልብስ ከእሳቸው ቤት ተስተካክሎ ይወጣል፣ ባለቤቱ ግን ተሰድቦ ነው የሚወጣው። ልጃቸው ከወራት በፊት «ለሥራ የሚቀርብ ቤት አገኘሁ» ብላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ የእናትየውን ዓይን ሞራ ጋረደው። አንዱ ዓይን ቀድሞ ደክሞ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለ ሌላው ሐኪሙ «ቶሎ ካልተሠራ እሱም ይሄዳል» አላቸው። እሳቸው ደግሞ «ልጄ አጠገቤ ካልቆመች ለቢላዋ አልተኛም» ብለው ሁለት ቀጠሮ አሳለፉ። እኔ ወደ እህቴ ዘንድ ስሄድ ነገሩ እዚህ ላይ ነበር።

ከእህቴ ዘንድ ከርሜ የተመለስኩ ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ ዝናቡ ያለ ምሕረት ወረደብኝ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ አንድ መጻሕፍት መደብር በረንዳ ሮጥኩ። ሮጥኩ ያልኩት ለወጉ ነው፤ ጉልበቴ ከየት አምጥቶ! እዚያ ስደርስ ከመደብሩ ውስጥ አዲስ መጽሐፍ ታቅፋ ከምትወጣ ሴት ጋር ልጋጭ ምንም አልቀረኝ። ቀና ብዬ ሳይ የእትዬ መቀስ ልጅ ናት።

«ጋሼ! ኧረ በስብሰዋል! ይምጡ፣ በሞቴ ሻይ እንጠጣ» ብላ እጄን ይዛ ከጎን ወዳለው ሻይ ቤት አስገባችኝ።

ልጅቱ የተማረች ናት። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ የተጣሉ ሠራተኞችን የምታስታርቅ እሷ ናት አሉ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሽፋኑን አየሁት። ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ለምትወጣ ፀሐይ እጁን ዘርግቷል። እነዚህ የመንፈስና የስብዕና ግንባታ መጻሕፍት ሽፋናቸው ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ እንደወጣች ናት፤ ስትጠልቅ አንድ ቀን አላየሁም። በእርማት ዘመኔ ስንቱ በእጄ አልፏል!

«እናትሽን መቼ ነው ያየሻቸው?» አልኳት፣ ሻዩ እስኪመጣ እንኳ ሳልታገሥ።

«ጋሼ፣ እሱን እንተወው።»

«አንተወውም። ዓይናቸው እየጠፋ ነው። አንቺ ካልመጣሽ አልታከምም ብለዋል። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አለች ዝቅ ብላ። «ሰምቼ ብዙ አስቤበታለሁ። ይህ ማስገደጃ ነው ጋሼ። ‹ካልመጣሽ እታወራለሁ› ማለት ፍቅር ነው? እኔ ከሚያደማኝ ሰው መራቅን ተምሬያለሁ። መራቅ ጥላቻ አይደለም። ራስን መጠበቅ ነው።»

«ይኼ ከመጽሐፉ ነው ወይስ ካንቺ?»

«ከዚህ በፊት ካነበብኩት መጽሐፍ ተምሬ የራሴ አደረግኩት። ቢሆንስ ምን አለበት? እርስዎ ከመጽሐፍ አልተማሩም?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች፤ ለካ ብዙ ጊዜ የታፈነ ነገር ነበራት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከአጥሩ ወዲያ ነው የኖሩት፤ እኔ ከእሷ ጋር ነው የኖርኩት። ገና ልጅ ሳለሁ የደንበኛ ቀሚስ አልብሳ በርጩማ ላይ ታቆመኝ ነበር። አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ‹ይቺ ልጅ ወገብ የላትም፤ ከረጢት ላይ የምሰፋ ነው የሚመስለኝ› ትላለች፤ ሴቶቹ ከት ብለው ይስቃሉ። እኔ ከርጩማው መውረድ አልችልም፣ ልብሱ በመርፌ ተይዟላ! የተመረቅኩ ቀንስ? የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ አላለቀም ብላ ቀረች። ሌላው ሁሉ ከእናቱ ጋር ፎቶ ሲነሳ እኔ የሰው ሻንጣ ስጠብቅ ዋልኩ። ያ መጽሐፍ እጄ እስኪገባ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። ‹የተጎዳሽው አንቺ ነሽ› ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰምቶ መጽሐፉን መርገም ይከብዳል። እኔም አልረገምኩትም። ሰው ሁሉ ዝም ሲላት አንድ ወረቀት ካነጋገራት ወረቀቱን ማመስገን ይገባል። ግን ጨምሬ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ልክ ነሽ ልጄ» አልኳት። «ይኼንን ሁሉ ለእሳቸው ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያታለሁ። ይቅርም ብያታለሁ።»

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! ምን አሉ ታዲያ?»

የሻዩን ማንኪያ አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«እሷ አልነበረችም» አለች።

«እንዴት ነው ነገሩ?»

«ዘዴው እንደዚያ ነው። ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል። የበደለሽ ሰው እዚያ ላይ እንዳለ አድርገሽ ታስቢና የታፈነውን ሁሉ ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ይቅር ትይዋለሽ፣ ትሰናበቺዋለሽ፣ ተነስተሽ ትወጫለሽ። እናቴ ቤት፣ ክፍሌ ውስጥ አደረግሁት። እሷ ከግርግዳው ወዲያ ስትሰፋ ነበር፣ የመኪናዋ ድምፅ ስለሚሸፍነኝ ሳልሳቀቅ ተናገርኩ። አለቀስኩ፣ ቀለለኝም። በሳምንቱ ወጣሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የደስታ ሳቅ አይደለም፤ አጠገባችን የተቀመጡት ዞር ብለው እስኪያዩኝ ድረስ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር።

«ወይ ጉድ! ለወንበር? ልጄ፣ በመሥሪያ ቤትሽ ሁለት ሠራተኞች ተጣልተው ቢመጡ ‹አንተ ከጠረጴዛው ጋር ታረቅ፣ አንተም ከመደርደሪያው ጋር› ትያቸዋለሽ?»

«ይኼ ሌላ ነው። ዓላማው እሷ እንድትለወጥ አይደለም፤ እኔ ነፃ እንድወጣ ነው። መልስ አያስፈልገውም።»

«ነፃ ወጣሽ ታዲያ?»

«አዎ።»

«ነፃ ከወጣሽ ይኼኛውን መጽሐፍ ለምን ገዛሽ?»

መለስ ብላ ሽፋኑን አየችው። እኔም፣ አመሌ ነውና፣ ዕረፍት አልሰጠኋትም።

«ስሚኝ ልጄ። ቂም ይዞ መኖር ራስን ይጎዳል የሚለው ትክክል ነው። ለሚያዋርድሽ ሰው ‹በቃ› ማለት ትክክል ነው። ተነስተሽ ብትወጪም አልፈርድብሽም። ነገር ግን አንቺ ቤት ውስጥ እናትሽን ከስሰሽ፣ ራስሽ መስክረሽ፣ ራስሽ ፈርደሽ፣ ራስሽ ምሕረት አድርገሽ ስትወጪ ተከሳሿ ከግርግዳው ወዲያ ቁልፍ ይሰፋሉ! ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ተፈርዶባቸው፣ ምን ይቅር እንደተባሉ ሳያውቁ ይቅር ተባሉ። ለሰው ይቅርታ ሲደረግ ሰውየው መስማት የለበትም? ‹ውሸት ነው› ይበሉሽ፣ ‹እውነት ነው ልጄ› ይበሉሽ፣ ወይም ይስደቡሽ፤ ዕድሉን ግን ስጫቸው። ወንበር እንደሆነ ላንቺ ሲል አያፍርም፣ አያለቅስም።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። በኋላ እንዲህ አለች፤ ድምፅዋ የቢሮው ድምፅ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት? ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች። እንዳልሆነች ሳይ ደግሞ እናደዳለሁ። እንቅልፍ የለኝም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ካልሠራ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ካልሆነ ሦስተኛው ይሠራ ይሆናል እላለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፊቷን እያየሁ መናገር ስለፈራሁ ነው።»

«እኔስ አልፈራቸውም መሰለሽ? ሠፈሩ ሁሉ ይፈራቸዋል። ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አሁን?»

«አሁን ነው እንጂ! የዓይን ነገር ቀጠሮ አይሰጥም።»

ተነሳች። አዲሱን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ትታው ልትወጣ ስትል አስተናጋጇ ጠርታ ሰጠቻት፤ አፍራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በመንገድ ላይ የምትለውን በሹክሹክታ ትለማመዳለች፤ «እማዬ፣ ጎድተሽኛል፤ ግን ናፍቀሽኛል» ትላለች፣ ከዚያ «አይ፣ መጀመሪያ ናፍቀሽኛል ልበላት» ትላለች። ተሟግቼ የረታሁት እኔ ስለሆንኩም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምራመደው። ተጠራጣሪዋ ተረድታ፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እንባዬን ስጠርግ ይታየኛል። ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው እንዴት ባማረ!

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ መቀስ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው ጠርዝ ይመታሉ፤ ጨርቁን የሚመሩት በዓይን ሳይሆን በጣት ነው። ክር የገባላቸው መርፌዎች መከዳ ላይ ተሰክተው በተርታ ይጠብቃሉ፤ ማን እንዳስገባላቸው አላወቅሁም። የልጅቱን ክፍል ከሚለየው ስስ የቺፕውድ ግርግዳ አጠገብ ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ቆሟል።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ፣ አራሚው።»

«እሰይ፣ እንኳን ደህና ገቡ! እህትዎ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ብቻዬን አልመጣሁም።»

«እማዬ» አለች ልጅቱ።

መኪናው ቆመ። የፈራሁት ስድቡን ነበር። «ዛሬ ከየት በቀልሽ?» ብለው ቢጮኹ እኮ ቤቱ የለመድኩት ቤት ይሆን ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉና ለስለስ ባለ፣ ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

«እንግዳ መጣልኝ? ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ልጅቱ አልተቀመጠችም። «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል። ደግሞ ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ። ጎድተሽኛል።»

«የከረጢቱን ነገር ከሆነ ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ መቀስ። «የምረቃውንም።»

ልጅቱ እኔን አየችኝ። እኔ እንዳልነገርኳቸው ታውቃለች፤ አብረን ነው የመጣነው።

«እዚሁ ነበርኩ» አሉ ወደ ግርግዳው እየጠቆሙ። «ይኼ ቺፕውድ እኮ ሳል አይከለክል።»

«መኪናው ይሠራ ነበር እኮ!»

«ጀምሬ ነበር። ክሩ ተበጠሰና ቆመ። ያን ጊዜ ዓይኔ ገና ሲጀምረው ነው፤ ክሩን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ስታገል አንቺ ትናገሪያለሽ። ክሩም አልገባ፣ አንቺም አልጨረስሽ። አንድም ቃል አላመለጠኝ።»

«ለምን አልተናገርሽም?» ድምፅዋ ተሰበረ።

«ልናገር ተነስቼ ነበር። ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፣ አንድም አልጨመርሽበትም። ግን መልስ ነበረኝ። በሩ ጋ ስደርስ ‹ይቅር ብዬሻለሁ፣ ደህና ሁኚ› አልሽ፤ እግሬ ተያዘ። የተሰናበተኝን ሰው ምን ብዬ ልግባበት? ለእኔም ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቤት አገኘሁ ብለሽ ስትወጪ ጠበቅሁ። ይኼው ዓይኔን አስይዤ ጠበቅሁ።»

«መጣሁ እኮ እማዬ! ይኼው መጣሁ!»

«መጣሽ። ጥሩ ነው።» ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱት። «ያንን መጽሐፍሽን ክፍልሽ ውስጥ ትተሽው ነበር። ምን አቅምሶ ነው ልጄን የወሰደብኝ ብዬ፣ ልሰድበው፣ አንዲት ደንበኛዬን አንብቢልኝ አልኳት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ እየመጣች ታነብልኛለች። ልሰድበው የጀመርኩት መጽሐፍ ስለሚጠብቁ ሰዎች ያወራል። በር በሩን ሲያዩ ዕድሜያቸው ስለሚያልቅ ሰዎች። እኔን ነዋ! ወንበር አስቀምጡ ይላል፣ አስቀመጥኩ። ነርሷ ወጣ አለችልኝ፤ ለአንቺ ያቆየሁትን መልስ በሙሉ ነገርኩት።»

«ምን ነበር መልስሽ?»

እትዬ መቀስ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካከሉ።

«እማዬ፣ እባክሽ፤ መልስሽን ንገሪኝ!»

«ወጥቶልኛል ልጄ። የወጣልኝን መልሼ ልዋጠው?»

እኔ አልቻልኩም። «እትዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጅዎት ፊትዎ ቆማለች! ለእሷ የሚገባውን ለእንጨት ነግረው ‹ወጥቶልኛል› ይላሉ? ምን ዓይነት ድግምት ነው ይኼ?»

«አይቆጡ ጋሽ አራሚው» አሉ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «እርስዎ እኮ ነዎት ስንት ዓመት ‹ምላስዎን ይሰብስቡ፣ ሰው እኮ ይለወጣል› ሲሉኝ የኖሩት። ይኼው ተለወጥኩ። ደንበኛ አልሳደብም፤ ነርሷን ይጠይቋት። ስልክ ሲጮህ ልቤ አይዘልም። የምሠራው ምግብ ለአንድ ሰው ነው፣ ‹ምናልባት ብትመጣ› ብዬ አላተርፍም፣ አይበላሽም። እንቅልፌ ተመልሶልኛል። ዓይኔንም ሐሙስ ይሠሩልኛል፤ ነርሷ አብራኝ ትሄዳለች። ይኼን ሁሉ ያገኘሁት መጠበቅ ስተው ነው።»

«እኔ ልውሰድሽ» አለች ልጅቱ። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ይዛለች። «ሐሙስ እኔ ልውሰድሽ፣ ሥራ እቀራለሁ።»

እናትየው እጃቸውን አንስተው ራሷ ላይ አኖሩት። ይህን ሳይ ‹አበቃ፣ ታረቁ› ብዬ ነበር። ፀጉሯን አንድ ጊዜ ዳበሱና እጃቸውን መለሱ።

«አይሆንም» አሉ። «ካንቺ ጋር ከሄድኩ እንደገና መጠበቅ እጀምራለሁ። አንድ ቀን ሌላ መጽሐፍ ታነቢና ትሄጃለሽ፤ እኔ ሁለተኛ አልችለውም። አልተቀየምኩሽም። ደህና ሁኚልኝ።»

የስፌት መኪናው እንደገና ተነሳ። ወጣን። ልጅቱ ደጃፉ ላይ ኩምሽሽ ብላ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያልቅ የለውጥን ጥቅም መዘርዘር ደንብ ነው። እትዬ መቀስ ከእኔ አሳምረው ዘርዝረውልዎታል፤ የምጨምረው የለኝም። እንቅልፍ ተመልሷል፣ ስድብ ቀርቷል፣ ዓይን ይታከማል። ከዚህ ሌላ ምን እንፈልጋለን? መጽሐፉም አልዋሸም፤ እናትንም ልጅንም ነፃ አወጣ፣ አንዷን ከሌላዋ። እኔ የምለው ይኼን ብቻ ነው፤ የሚሉት ነገር ካለዎት፣ የሚነግሩት ሰው በሕይወት ካለ፣ ከግርግዳው ወዲያ ካለ፣ ተነስተው በሩን ያንኳኩ። ይፍሩ፣ ይንቀጥቀጡ፣ ግን ያንኳኩ። ሰው እየጠበቀ የሚቆየው እስኪሰለቸው ድረስ ነው፤ የሚሰለችበትን ቀን ደግሞ ለማንም አያስታውቅም። ይህን ለልጅቱ በወቅቱ የነገራት አልነበረም። እኔም ብሆን የነገርኳት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ሐሙስ ከነርሷ ጋር እኔም ሄድኩ። ሕክምናው ቀና። ከክሊኒኩ ስንወጣ የተሠራው ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ በሌላው ከጥላ በቀር አያዩም። ነርሷ በቀኝ እኔ በግራ ደግፈናቸው ከአጥሩ ስናልፍ ልጅቱ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው የቆመች መሰለኝ፤ ፊቷ ገርጥቷል። ልጠራት አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ያገኙትን እንቅልፍ እንዳትወስድባቸው መሆኑ ገባኝ። ትንሽ ራቅ ብላ እስከ ቤት ተከተለችን።

ደጃፉ ጋ ስንደርስ ነርሷ ልትከፍት ቀደም አለች። እትዬ መቀስ ክንዴን እንደያዙ ቆሙና ጆሮአቸውን ወደ ኋላ አዘነበሉ።

«ጋሽ አራሚው፣ ከኋላችን ሰው አለ?»

ዞር ብዬ አየኋት። እንባዋ ይወርዳል፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

«መንገደኛ ናት እትዬ።»

«እግዜር መንገዷን ያቅናላት» አሉና ገቡ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።